አይቀርም

ስሙን ያወጣሁት ለውሻው አልነበር፤
ከአራጋው ጋር ሳለን በክስ፣ በድንበር፣
ዳኛው ሲቀጥረን፣ ዓመት ሲያንከባልል፣
"አይቀርም" አልኩትና፣ "ፍርድህ" ለማለት ያህል።
ማታ ደጅ ወጥቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣
"አይቀርም! ና! አይቀርም!" ከጓሮዬ ግርጌ፤
አራጋው ሲሰማ በሩን ይዘጋዋል፤
ውሻው ምን ቸገረው፣ ሰሙን ብቻ ያውቃል፣
ጭራውን እየቆላ ስሙን ይዞ ይመጣል።

ሽማግሌ ገባ። ድንጋዩ ተተከለ።
ቂሙ አልቆ እንኳን ስሙ ውሻው ላይ ዋለ።

ዘንድሮ ከሐይቅ በላይ ጤፌን አረም ወረሰው፤
ልጆቹ ኮምቦልቻ፣ ለአረም የለም ሰው።
ከኑርዬ ሱቅ ገብቼ ቱፎርዲ ገዛሁኝ፣
የአራጋውን ፓምፕ ተውሼ አዘልኩኝ።
"አፍህን ሸፍን" አሉኝ፣ በፎጣ ሸፈንኩኝ፤
ስለ ውሻው አፍ ግን ማንም አልነገረኝ።
እሱ ከኋላዬ፣ እርጥቡን ቅጠል እየጣሰ፤
ሲመሽ ከደጃፉ ተኝቶ መዳፉን ላሰ፤
ላሰ፤ ላሰ።

በአራተኛው ቀን የኋላ እግሩ ከዳው።
ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፣ እንደ ሌሊት ሰካራም፤
ለሃጩ እስከ መሬት። ጉበት ሰጠሁት፤
አሸተተና ፊቱን አዞረ፣ እንዳስቀየምኩት።

"የዘምዘም ልጅ ነው!" አልኩ፤ ዱላዬን አነሳሁ።
ሙክታር ከትምህርት ቤቱ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር
ጋንጃ እንደሚያጨስ ሰፈሩ ያውቃል፤
ሰፈር የሚያውቀው ነገር ለመፍረድ ይመቻል።

ሲያየኝ አልሸሸም።
"አምና በልቶብኝ ነበር፤ አንቱን አልዋሽም።
የጣልኩትን ቁራጭ ዋጠው። ሌሊቱን ሙሉ
ሲንገዳገድ፣ ከጥላው ሲሸሽ፣ ሳያውቀው ሲሸና፣
ይሞትብኛል ብዬ ጃኬቴን አልብሼ አብሬው አደርኩ።
ለአንቱ መንገር ፈራሁ።
ከዚያ ወዲህ መሬት ላይ አልጥልም።
ይሄኛው ግን የኔ አይደለም፤
መዳፉን ያሽቱት።"

አሸተትኩ።
የገዛ ፎጣዬ ሸተተኝ።

በባጃጅ ወሰድነው፤ ለሃጩ በሙክታር ጭን ላይ።
"እናቴ ሰባቴ ታሳጥበኛለች" አለ፤
ግን አላወረደውም።

ሐኪሟ መዳፉን በሳሙና እያጠበች፣
"ውሃስ በምን ይጠጣል?" ብላ ጠየቀች።
ደውዬ ልጄን እታገኝን አስመጣኋት፤
ባዶው ከሚጣል ብዬ፣ ረጭቼ ስጨርስ፣
ከወገቡ ቆርጬ የሰራሁለትን
ነጩን ጀሪካን ታቅፋ ደረሰች።
ቢላዬ ያለፈው በጽሑፉ መሃል ነው።
የተረፈውን ጮክ ብላ አነበበችው፦
"...ለሰውም ለእንስሳም አትጠቀሙበት።"
"ምኑን?" አልኩ።
"እሱማ፣ አባ፣ ከላይኛው ግማሽ ላይ ነው።"

የላይኛው ግማሽ ቤት ነው።
ጋዝ እቀዳበታለሁ።

ጎህ ሳይቀድ አለቀ።
ሙክታር ቆፈረ፤ እኔ አፈር መለስኩ፤
ማንም ማንንም አልወቀሰም፤
እሱ ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ማታ ግን ልማድ ነው፤ ደጅ ወጣሁ።
"አይቀርም!" አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ፤
"አይቀርም! ና!"
ከድንጋዩ ማዶ በር ሲከፈት ሰማሁ፤
አራጋው ባትሪውን ይዞ ወጣ።
"ቀረ" አልኩት።
የሆነውን ሁሉ፣ ጀሪካኑንም ነገርኩት።

ምንም አላለም። ወደ ዶሮዎቹ ቆጥ ሄደ፤
የሱንም ግማሽ ጀሪካን፣ ውሃውን እንደያዘ፣
በሁለት እጁ ተሸክሞ መጣ፤
ከድንጋዩ አጠገብ ሲደርስ ግን
የት እንደሚደፋው ጠፋው።
በዚያ የሱ ዶሮዎች፣ በዚህ የኔ ጥጃ፤
ባትሪውን ወደ ቁልቁለቱ መለሰው፤
ከታች ደግሞ ሐይቁ አለ።